በማን ልክ የተሰፋ ቦርሳ

«ለሷ የልጁ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃታል፤ ጽሑፍ አይደል እንዴ የምትጽፍበት። በእማዬ ገንዘብ ለሱ አዲስ እንገዛለትና የሱን ለሷ እንሰጣታለን።»

ክፍሎቹን የሚለያቸው ቺፑድ ስለሆነ ከወዲያ የሚወራው ሁሉ ወዲህ ይገባል። ሳል ይገባል፣ የማንኪያ ድምፅ ይገባል፣ ይሄም ገባ። ተናጋሪው የእማማ መቀስ ልጅ ነው፤ የሚነግረው ለሚስቱ። ክፉ ነገር እያሰበ እንኳ አይመስልም፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ሚስቱ ምን እንደመለሰች አልተሰማም። ብርጭቆ ተቀመጠ፣ ወንበር ተገፋ፣ ከዚያ በሩ ተዘግቶ ሰውየው ወደ ሥራው ሄደ።

እማማ መቀስ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሰፈሩ ነው ያወጣላቸው፤ ስፌታቸውን አይቶ ይሁን ምላሳቸውን ሰምቶ፣ እሱን ደፍሮ የሚናገር የለም። ፊደል አልቆጠሩም። ጋዜጣ ለሳቸው ንድፍ የሚቆረጥበት ወረቀት ነው። የሰው ወገብ ግን በዓይናቸው ለክተው ሜትሩ ሲመጣ ቢሳሳቱ በጣት ውፍረት ነው፤ እሱንም ሰውየው ሆዱን ስለሳበ ነው ይላሉ እንጂ ስሕተቱን አይቀበሉም። ያን ጠዋት የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው ክር ሊያስገቡ ሲሉ ነገሩን ሰሙ፤ ክሩም በከንፈራቸው መሃል እንደተያዘ ቀረ። ዓይናቸውን ወደ አልጋው ላኩ። የልጅ ልጃቸው አልጋው ጫፍ ላይ መጽሐፍ ገልጣ ተቀምጣለች፤ ገጹን ግን ከቅድም ጀምሮ አልገለበጠችም። ጆሮዋ እስከ ጫፉ ቀልቷል። እናቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ከሳቸው ጋር በዚህች ክፍል ነው የምትኖረው፤ ኮሌጅ ከገባች ገና ሁለት ወሯ ነው። ከዝምታዋ ብዛት ቤተሰቡ «ጭምቷ» ይላታል። ስሙ ሲወጣላት ለምስጋና ነበር፤ እያደር ግን ቢወስዱባትም ዝም ትላለች ማለት ሆኖ ቀረ።

ገንዘቡ የክረምቱን ወራት በሙሉ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍተው ያገኙት ነው። ለጭምቷ ኮምፒውተር ብለው ነው የሰፉት፤ እያንዳንዱን ቁልፍ ሲተክሉ ይሄን እያሰቡ ነው። ልጃቸው በመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኮምፒውተር ፊት ስለሚቀመጥ በዚህ ነገር የቤቱ ሊቅ እሱ ነው። ትናንት ጠርተው፣ አንተ ታውቀዋለህና ምረጥላት፣ ነገ ከሥራ ስትመለስ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ ብለውት ነበር። እሱም አፉን ሞልቶ እሺ ብሏል። ነገ ያሉት ዛሬ ነው። ሲመሽ ይመጣና እጁን ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ያልቃል፤ ጭምቷም ተሰብሮ በፕላስተር የተያዘውን የአጎቷን ልጅ ኮምፒውተር ተቀብላ «እሺ» ትላለች።

ክሩን ከከንፈራቸው አውጥተው መኪናው ላይ አኖሩት።

«ጫማሽን አድርጊ» አሏት።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ጫማ ወደሚያስኬድበት።»

ከመኪናው ሥር ካለው መሳቢያ አንድ ነገር አወጡ። ጭምቷ አይታው አታውቅም። ከዩኒፎርሙ ከተረፈ ጠንካራ ሰማያዊ ጨርቅ የተሰፋ ቦርሳ ነው፤ ውስጡ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተገብሯል፣ ማንገቻው ድርብ ስፌት ተመትቷል፣ አራቱም ማዕዘን ኮምፒውተሩ ቢወድቅ እንዳይጎዳ ወፈር ተደርጎ ተሞልቷል። ዐሥር ቀን ነው ተደብቀው የሰፉት፤ እሷ ትምህርት ቤት ስትውል ይሰፋሉ፣ የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ መሳቢያው ውስጥ ይከቱታል። ልኩን የወሰዱት የአጎቷ ልጅ ፊቱን ሊታጠብ በወጣበት ጊዜ ከሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሌላ ኮምፒውተር የት ያውቃሉ? ልጅቱ ስፌቱን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ፣ «ለኔ ነው?» አለች። «ለጎረቤት ነው» አሏትና በሩን ከፍተው ቀድመው ወጡ።

ሁለቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። የሰሙትን አላነሱትም። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተነሳ ማስቀመጫ ቦታ የለውም፤ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አንደኛዋ ወደ መስኮቱ፣ ሌላኛዋ ወደ ፊት አዩ። እማማ መቀስ ግን ውስጥ ውስጡን ለልጃቸው የሚሉትን እያዘጋጁ ነበር። በየፌርማታው አንድ ቃል እየጨመሩ ሲስሉት ሄደው፣ ሲወርዱ ሰው የሚቆርጥ ሆኖላቸው ነበር።

ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሕንፃ ደረጃው በሰው ትርምስ የተሞላ፣ ሱቁ ሁሉ በመስታወት የተከለለ፣ አንዱ ሱቅ የሌላውን ዘፈን ለመሸፈን ድምፅ የጨመረበት ነው። የመጀመሪያው ሱቅ ሻጭ ጸጉሩ በቅባት የተኛ ወጣት ነበር። አባት አልመጡም ወይ ብሎ ጠየቀ። የማን አባት እንደሆነ አላብራራም። ከዚያ ወርቃማ ቀለም ያለው፣ ፊት የሚያሳይ ኮምፒውተር አወጣና ቁጥር ይደረድር ጀመር፤ ስምንት አለ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት አለ፣ ዐሥራ አንደኛ ትውልድ ነው አለ።

«ትውልዱን ተወው፤ ላገባው አይደለም» አሉ እማማ መቀስ። «አዲስ ነው?»

«እሽጉ ዛሬ ነው የተፈታው፣ ማዘር።»

ማዘር መባል አይወዱም፤ ለጊዜው አለፉት። ኮምፒውተሩን ተቀብለው እንደ ልብስ ገለበጡት። እሳቸው ዕቃ የሚያዩት ከውስጡ ነው፤ ሰው ቀሚስ ሲያመጣላቸው መጀመሪያ ገልብጠው ስፌቱን ነው የሚያዩት፣ ፊቱን ለማየት ደንበኛዋ አለች። ከኮምፒውተሩ ሥር ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች አንድ በአንድ በጥፍራቸው ነካኳቸው። ሁለቱ ጭንቅላታቸው ተፋፍቋል። አንዷ ደግሞ ከእህቶቿ ቀለሟ ይለያል።

«ይሄ ተተርትሮ የተሰፋ ነው» አሉ። «እኔ ተርትሬ የሰፋሁትን ቀሚስ አዲስ ነው እያልኩ ብሸጥ ኖሮ ዛሬ ይሄ ፎቅ የኔ ነበር፣ አንተንም ከኪራይ አስወጣህ ነበር።»

ሻጩ ለዕይታ ያህል ነው የተከፈተው የሚል ነገር አጉተመተመ። ጭምቷ መሬት መሬት እያየች ወጣች። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አለቀሰች ብለው ቀና ሲያደርጓት እየሳቀች ነው። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አዩት።

ሁለተኛው ሱቅ ደረጃው ሥር የተሸጎጠ፣ ሰው ዞር ሲል ክርኑ መደርደሪያ የሚመታበት ጠባብ ክፍል ነው። ባለቤቷ ግንባሯ ላይ የማጉያ መነጽር ያሰረች፣ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ናት። እማማ መቀስ ፊቷን አላዩም፤ ያዩት እጇን ነው። ጥፍሯ በአጭሩ ተቆርጧል። ከሹራብ መርፌ የቀጠኑ መፍቻዎቿን በጨርቅ ላይ በቁመታቸው ደርድራለች፤ አንዱን ካነሳች ሠርታ ስትጨርስ እዚያው ቦታው ትመልሰዋለች። ይቺ ሰው ናት አሉ በልባቸው፣ ወንበር ሳይሰጧቸው ተቀመጡ። ጠጋኟም ያለችውን አልሸሸገችም። ያሉኝ ሁሉ ያገለገሉ ናቸው እማማ፣ የቀየርኩትን ክፍል ግን አንድ በአንድ አሳይዎታለሁ አለቻቸውና አምስት ኮምፒውተሮች ፊታቸው ደረደረች።

እማማ መቀስ ይሄኔ ነው ቦርሳቸውን ያወጡት። የመጀመሪያውን ከተቱት፤ ውስጥ ገብቶ ተንገዋለለ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ትንሽ ግራጫ ነገር ነበር፣ የልጅ እግር በአባቱ ጫማ ውስጥ ሆነ። አምስተኛው ትልቅ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ነው። እሱ ሲገባ ቦርሳው ጥብቅ አለ፣ ማዕዘን ከማዕዘን ገጠመ፣ ዚፑም ሳይታገል ተዘጋ።

«ይሄ ነው ልኩ» አሉ። ኩራት በፊታቸው ላይ ወጥቶ ነበር። ጠጋኟ ዋጋውን ነገረቻቸው። በልባቸው ወደ ዩኒፎርም መነዘሩት፤ የክረምቱ ዩኒፎርም በሙሉ ሆነ፣ አንድ ሱሪ እንኳ አይተርፍም። ግድ የለም አሉ። ጠጋኟ ግን ወደ ልጅቱ አየት አደረገች።

«እሺ እማማ» አለች ጭምቷ።

ቦርሳውን ትልቁ ኮምፒውተር እንዳለበት አንግታው ነበር። ያቺ «እሺ» ጆሯቸው ላይ ሻከረች። የት እንደሚያውቋት ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ አጎቷ ወጥ ሲቀንስባት የምትላት፣ መብራት አጥፊ ሲሏት የምትላት «እሺ» ናት። ከዚያ ዓይናቸው ትከሻዋ ላይ ወደቀ። የልጅቱ ቀኝ ትከሻ ከግራዋ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል፤ በመጽሐፍ ሸክም ነው፤ ሌላ ሰው አያየውም፣ እሳቸው ግን ቀሚስ በሰፉላት ቁጥር በዚያ በኩል ጥጥ እየጨመሩ ያስተካክሉታል። አሁን ከቦርሳው ጋር በሦስት ጣት ወርዷል። ልጅቱም ሰውነቷን ወደ ሌላው ጎን ጣል አድርጋ፣ ምንም እንዳልከበዳት ሆና ቆማለች።

እማማ መቀስ በሥራቸው ሦስት ጥያቄ አላቸው። ደንበኛ ሙሽራ ትሁን ገረድ፣ ሦስቱን ሳይመልስላቸው መቀስ አያነሱም። የት ነው የምትለብሰው? ማን ያጥበዋል? ስንት ዓመት ይቆይልህ? በዚህ የተነሳ ጥለዋቸው የሄዱ ደንበኞች አሉ፤ የሄደውም በወሩ ይመለሳል። አርባ ዓመት ሙሉ መንገደኛውን ሁሉ ሲጠይቁ ኖረው ይቺን የአልጋቸውን ተጋሪ አልጠየቋትም። ዐሥር ቀን ሰፉላት እንጂ አንድ ቀን አልጠየቋትም። 

«አውርጂው እስቲ» አሏት። «ነይ ቁሚ ፊቴ። የት ነው የምትለብሽው?»

«ምኑን እማማ?»

«ይሄን ኮምፒውተር ነዋ። የት ትለብሽዋለሽ፣ ማን ያጥብልሻል፣ ስንት ዓመት ይቆይልሽ?»

ጠጋኟ መነጽሯን ወደ ላይ ገፍታ ክርኗን መደርደሪያው ላይ አስደገፈች። ልጅቱ መጀመሪያ ጣቷን ስታፍተለትል ቆየች። ከዚያ ተናገረች፤ ሲያዩት የታጠፈ ልብስ እየተዘረጋ የመጣ ይመስል ነበር። የምትማረው የመሬት ቅየሳ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፣ ሜዳ ነው የሚውሉት፤ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተክለው ርቀትና ከፍታ ያነባሉ፣ ያነበቡትን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስገብተው ካርታ ይሥሉበታል። ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ ሶኬት የሚባል ነገር የለም። ፀሐይ አለ፣ አቧራ አለ፣ ከመንገዱ እስከ ሜዳው በእግር ነው። እስካሁን ምን ላይ ነው የምትሠሪው ሲሏት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መለሰች። በወረቀት ትሥላለች፤ ጓደኞቿ ምሳ ሊበሉ ሲሄዱ አንደኛዋ ትለቅላትና በሷ ኮምፒውተር ትገለብጠዋለች። ሁለት ወር ምሳ በልታ አታውቅም። የሚታጠበው፣ ማለት የሚበላሸው ሲበላሽ፣ ራሷ ማጽዳት ብትማር ደስ ይላታል። ሦስት ዓመት ቢቆይላት ትመረቅበታለች።

እማማ መቀስ ብዙ ነገር ሊሉ ፈልገው አንዱን ብቻ አሉ።

«መሬት ነው የምትለኪው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ጽሑፍ የምትጽፊ መስሎኝ!» አሉና ወዲያው ምላሳቸውን ነከሱ። ከቺፑዱ ወዲያ ያለውም እንዲሁ መስሎት ነው። «ታዲያ የኔን ሙያ ነዋ የያዝሽው። እንግዲህ አንቺ ምረጪ፤ እኔ ተቀምጫለሁ።»

ከዚያ በኋላ ጭምቷ ወደ አያቷ ዞራ አላየችም። ትልቁን ጥቁር ተሸክማ ወደ በሩ ወጣች፣ ፀሐይ ውስጥ ቆማ ከፈተችው። የገዛ ፊቷን እንጂ ሌላ ነገር አላየችበትም፤ መለሰችው። መካከለኛውን አወጣች፤ ይሄኛው ይታያል፣ ጠጋኟ ግን ባትሪው ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም፣ አልዋሽሽም አለቻት። ትንሹን ግራጫ አነሳች። ክብደቱ ከሁለት መጽሐፍ አይበልጥም፤ አንዱ ማዕዘኑ ላይ ቀለሙ ለቋል። ፀሐይ ላይ ስታወጣው አላብረቀረቀም፤ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ታየ። ባትሪውን ጠጋኟ ባለፈው ሳምንት ቀይራ ቀኑን ከጀርባው ጽፋበታለች። ልጅቱ ከኪሷ ፍላሽ አውጥታ ሰካችና የምትሥልበትን ፕሮግራም ጫነችበት። ለመከፈት አንገራገረ። ጠጋኟ ጀርባውን ከፈተች፣ አንድ ሚሞሪ ጨመረችበት፣ ዘጋችው፣ እያንዳንዱን ብሎን ወደ ቦታው መለሰች። ሁለተኛ ሲሞክሩት ወዲያው ተከፈተ፤ ካርታም መጣ።

እማማ መቀስ ጎንበስ አሉ። ካርታ ማንበብ አያውቁም። ግን ይሄን ያውቁታል። የተጠማዘዘ መስመር፣ ከጎኑ ሌላ መስመር ተከትሎት፣ በየቦታው ትንንሽ ምልክት። የእጅጌ ንድፍ ነው። የክንድ ማጠፊያው ያለበት፣ የስፌት ትርፍ የተተወለት ንድፍ። መሬትን እንደ ጨርቅ ዘርግታ ነድፋዋለች።

«ሥራው አምሯል» አሉ ቀና ብለው፤ ይሄን ቃል ለሰው ሲያወጡ ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም። «መልኩ ግን የመሥሪያ ቤት ወንበር ይመስላል።»

«ልሠራበት እንጂ ልድረው ነው እንዴ፣ እማማ?»

ጠጋኟ ሳቀች። እማማ መቀስ ይቺ ምላስ ከየት መጣች ብለው ሊጠይቁ ሲሉ ከየት እንደመጣች ራሳቸው አወቁ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ለወጉ ያህል ተከራክረው፣ ጥቂት አስቀንሰው ከፈሉ፤ ከትልቁ ዋጋ በጣም ያነሰ ስለነበር ከክረምቱ ልፋት ተረፋቸው። በተረፈው፣ ከዛሬ ጀምሮ ምሳ ትበያለሽ አሏት።

ልጃቸው ከሥራ ሲመለስ ፀሐይ ገና በመስኮቱ ትገባ ነበር። ኮምፒውተሩ ስፌት መኪናው ጎን ተቀምጧል፤ ጭምቷ አጠገቡ፣ ባዶው ሰማያዊ ቦርሳ ወንበር ላይ። በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም አንድ በአንድ አየ። እኔ ልገዛ አልነበር እንዴ አለ፣ ቀስ ብሎ። ይቺ ትንሽ ናት አለ፣ አሮጌ ናት አለ፤ ልጁም እኮ የሚማረው ኮምፒውተር ነው፣ የሱ ለሷ ይበቃት ነበር ብሎ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ተወው።

«ግድግዳው ስስ ነው» አሉ እማማ መቀስ።

ሌላ አልጨመሩም። እሱም ግድግዳውን አየው፤ የሚኖርበትን ቤት ግድግዳ እንደ ዛሬ አይቶት አያውቅም ነበር።  ከወዲያኛው ክፍል ሚስቱ ዕቃ ማጠብ አቆመች። እማማ መቀስ ከጠዋት ጀምሮ በየፌርማታው የሳሉት ንግግር ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ቢለቁት ሌላው ተከትሎ ይወጣል። ልጃቸው እጁን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ቦርሳውን ከወንበሩ አነሳና ገለበጠው፤ የእናቱ ልጅ ነውና መጀመሪያ ስፌቱን አየ። ከዚያ የቦርሳውን አፍ በስንዝሩ ለካ።

«ይሄ የልጁ ልክ ነው» አለ።

የሳሉት ንግግር እዚያው ምላሳቸው ላይ ደነዘ።

«ልኩ ነው» አሉ። «ከሱ ላይ ነው የለካሁት። እኔም እንዳንተው እሷን አልጠየቅሁም።» መርፌያቸውን ከመትከያው ነቅለው መልሰው ተከሉት። «ውሰድለት። ተሰፍቷል፣ ይያዘው።»

ሰውየው ቦርሳውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ሊወስደው አፈረ፣ ሊያስቀምጠውም አፈረ። በመጨረሻ ወደ ልጅቱ ዞረ፤ ስሟን ሊጠራ ፈልጎ ጭምቷ የሚለው ብቻ ስለመጣለት ሳይጠራት ቀረ።

«ምንድን ነው ግን በሱ የምትሠሪው?»

ልጅቱ ወደ አያቷ አየች። አያቷ ክር እያስገቡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ላሳይህ ጋሼ» አለች። «እዚያኛው ጠረጴዛ ሰፋ ይላል።»

ኮምፒውተሩን አንስታ ወጣች፤ እሱም ተከተላት። ትንሽ ቆይቶ ድምፅ በቺፑዱ በኩል መጣ፤ የሳል አይደለም፣ የማንኪያም አይደለም። የጭምቷ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ንግግሯ ግድግዳ ሲያልፍ የመጀመሪያው ነበር። መሣሪያው የሚተከልበትን አስረዳች፣ አጎቷ አንድ ነገር ጠየቃት፣ የሚስቱም ወንበር ተጎትቶ ተጠጋ። «አይ ጋሼ፣ እሱ ወንዝ አይደለም፤ ቁልቁለት ነው» አለች፤ እየሳቀች ነበር።

እማማ መቀስ ከሰማያዊው ጨርቅ የቀረውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ በመዳፋቸው እየዳበሱ አስተኙት። ጠመኔውን አዘጋጁ፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አደረጉ። መቀሱን ግን አላነሱትም። ልጅቱ ጨርሳ እስክትመጣና ፊታቸው እስክትቆም ድረስ፣ እጃቸውን ጨርቁ ላይ አሳርፈው እየሰሙ ጠበቁ።